«ሞግዚት»፣ «አሳዳሪ»፣ «አደራ»፦ ስለ ሙት ልጅ የሚናገሩ የሕግ ቃሎቻችን ሲመረመሩ

አንድ ሕግ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ደንቡ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ነው። ደንቡ የተጻፈበት ቃል በሕዝቡ ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ሕጉ በቃሉ ያሰበውና ሰሚው በቃሉ የሚረዳው አንድ መሆን አለመሆኑ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ያነሣነውም ጉዳይ አባት ወይም እናት ሲሞቱ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሰውነትና ሀብት በማን እጅ እንዲጠበቅ የሚወስነው የሕጋችን ክፍል ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከሐዋሳ ከተማ ነው፤ ምክንያቱም ከተማይቱ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ችሎት ፊት የሚቆሙባት በመሆኗ፣ የቃል ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጐልቶ ይታይባታል።

ሐሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ሕጋችን የልጁን ሰውነት ከልጁ ሀብት ለይቶ ሁለት ኀላፊነት ማቋቋሙ መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን ለሁለቱ ኀላፊነቶች የተመረጡት ስሞች በሕዝቡ አነጋገር የተገላቢጦሽ ትርጕም ያላቸው ስለ ሆኑ፣ ልዩነቱ ከሕግ መጽሐፉ ወጥቶ እቤት ሳይደርስ በመንገድ ይጠፋል። በዚህም የሚጐዳው ለራሱ መናገር የማይችለው ልጅ ነው።

፩. ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። 3367 ቁጥሮች ያሉትን የዚህን ሕግ ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሥራቸው ኋላ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ስለዚህ በአማርኛው መጽሐፍ የምናገኛቸው የሕግ ስሞች ከሕዝቡ ክርክርና ልማድ በቅለው የመጡ አይደሉም፤ አስቀድሞ ለተዘጋጀ የውጭ አገር ሐሳብ ተፈልገው የተገኙ ናቸው። ይህን የምንለው ሥራውን ለማቃለል ሳይሆን የችግሩ ምንጭ ወዴት እንደ ሆነ ለማመልከት ነው።

በዚሁ ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ማለት ወንድም ሆነ ሴት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ስለ ሰውነቱ ደኅንነት በአሳዳሪ ሥልጣን ሥር ይሆናል፤ የገንዘብ ጥቅሙንና የሀብቱን አስተዳደር በሚመለከት ነገር ሁሉ ግን ሞግዚት እንደራሴው ነው። እንግዲህ ልጁ የት እንደሚኖር፣ ጤናው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ምን እንደሚማር የሚያስበው አሳዳሪው ነው። ቤቱን የሚያከራይ፣ ዕዳውን የሚሰበስብ፣ በፍርድ ቤት ስለ ልጁ የሚከራከር፣ ለሥራውም መልስ የሚሰጥ ሞግዚቱ ነው። ሞግዚት የልጁን ቤት ከፍርድ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሊሸጥ አይችልም።

ይህ አከፋፈል በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዐዋጅ ቁጥር 213 ውስጥም፣ በአንቀጽ 215ና 216፣ እንዳለ ቀጠለ። የ1992ቱ ዐዋጅ ብዙ ነገር አሻሽሏል። ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ የነበረውን ድንጋጌ አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። በ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ስለ ነበር፣ በአንድ በኩል እስከ 18 ዓመት ድረስ ጥበቃ የሚያስፈልጋት ልጅ ናት እየተባለ በሌላ በኩል በ15 ዓመቷ ሚስት ትሆን ነበር። አዲሱ ዐዋጅ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታዎች 18 አድርጎ ይህን ተቃርኖ አጠበበ፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር እስከ ሁለት ዓመት ሊቀነስ እንዲችል ግን ቀዳዳ ተወ። ቀድሞ ለቤተ ዘመድ ምክር ተሰጥቶ የነበረውንም ቁጥጥር ወደ ፍርድ ቤት አዛወረው። ይህ ሁሉ ሲሻሻል ሁለቱ ስሞች ብቻ ማንም ሳይነካቸው አለፉ።

የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የክልሎች በመሆኑ፣ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 75 አወጣ። ሐዋሳ በዚያን ጊዜ የክልሉ መቀመጫ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሲሆን የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። የውርስ ሕጉ ግን ለመላው አገር ያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

ስለ ውርሱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አገራችን ለውርስ ጉዳይ ብቻ የተቋቋመ ልዩ ፍርድ ቤት የላትም፤ ጉዳዩ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በቁጥር 826 መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። የወራሹ ጾታና ዕድሜ፣ ከጋብቻ ውስጥ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለዱ በመብቱ ላይ ልዩነት አያመጣም። በቁጥር 842 ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ወራሹ በቁጥር 996 ለፍርድ ቤት አመልክቶ የወራሽነት የምስክር ወረቀት ይቀበላል። አንባቢ በተለይ እንዲያስታውስልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባል ወይም ሚስት በኑዛዜ ካልተሰጣቸው በስተቀር የሟች ወራሾች አለመሆናቸው ነው። የሟች ሚስት ከጋራው ሀብት የራስዋን ግማሽ ትወስዳለች፤ የቀረው ግማሽ የልጆቹ ነው።

፪. ቃሉ በሕዝቡ አፍ

አሁን ከሕግ መጽሐፉ ወጥተን ወደ ሰፈር እንሂድ። በሐዋሳ መናኸሪያ ወይም ፒያሳ አጠገብ አንድን ሰው «ሞግዚት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ የታወቀ ነው፤ ሕፃን የምታጥብ፣ የምታበላ፣ የምታዝል፣ ደመወዝ የሚከፈላት ሴት ናት ይለናል። እንግዲህ በሕጉ ስለ ገንዘብ ብቻ የተሾመው ሰው ስም፣ በሰፈሩ ስለ ገላ ብቻ የተቀጠረችው ሴት ስም ነው ማለት ነው።

«አሳዳሪ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በቀድሞው አነጋገር አሳዳሪ ማለት ሎሌ ወይም ሠራተኛ በቤቱ የሚያሳድር ጌታ ነው። በዛሬው ሰው ጆሮም ቃሉ «አስተዳዳሪ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም «አደረ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸውና። ስለዚህ «የልጁ አሳዳሪ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው የልጁን ንብረት የሚያስተዳድር ነው። ሕጉ ግን በዚህ ስም የጠራው የሰውነቱን ጠባቂ ነው። እነሆ የሁለቱ ቃላት ትርጕም ፈጽሞ ቦታ ተለዋወጠ። አንዱ ቃል ብቻ ቢሳሳት ሰሚው ከሁለተኛው ተነሥቶ ሊያርመው ይችል ነበር፤ ሁለቱ በአንድነት ሲገለባበጡ ግን ስሕተቱ ራሱን ችሎ የቆመ ሙሉ ትርጕም ይመስላል።

ሦስተኛም ቃል አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርንበት ዘመን ውጤታችን በተጻፈበት ካርድ ግርጌ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» የሚል መስመር ነበር። በየትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። ወላጅ ያልነበራቸው ጓደኞቻችን ካርዱን ወደ አያት፣ ወደ አጎት፣ አንዳንዴም ወደ ጎረቤት እየወሰዱ ያስፈርሙ ነበር። «አሳዳጊ» ማንም የሚያውቀው፣ ማንም የማይሳሳትበት ቃል ነው። ሕጉ የሰውነት ጠባቂ ያለውን ሰው ሕዝቡ አሳዳጊ ብሎ ይጠራዋል፤ ሕጉ ግን ይህን ቃል ትቶ በአንዲት ፊደል የሚለየውን «አሳዳሪ»ን መረጠ።

ለፍትሕ ያህል የሕጉን አዘጋጆች የሚደግፍ ነገርም መጥቀስ ይገባናል። «ሞግዚት» ሁልጊዜ የሕፃን አዛይ ስም ብቻ አልነበረም። በቤተ መንግሥት ታሪካችን የአልጋ ወራሹን መብት የሚጠብቅ ትልቅ ሹም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ በ1901 ዓ.ም. ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። የተሾሙት ልጁን ሊያዝሉ አልነበረም፤ ልጁ እስኪያድግ ድረስ የልጁ የሆነውን ሊጠብቁ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሲሞቱ ልጅ ኢያሱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው በቦታቸው ሌላ ሞግዚት ሳይሾም ቀረ። እንግዲህ የሕጉ ቃል ከዚህ ከፍ ካለው ትርጕም ጋር ይስማማል። ነገር ግን ሕግ የሚጻፈው ለቤተ መንግሥት ታሪክ አንባቢ ብቻ አይደለም፤ በታቦር ክፍለ ከተማ ቤት ለሚያከራየው ሰው፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ለምትሸጠውም ሴት ነው። ለእነርሱ ያ የላይኛው ትርጕም ከሞተ ቆይቷል።

፫. ሁለቱ ቃላት ሲጣበቁ

ሕዝቡ ከዚህ ግራ መጋባት የወጣበት መንገድ አለ። ሁለቱን ቃላት አጣብቆ «ሞግዚትና አሳዳሪ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ መናገር ነው። በፍርድ ቤት በር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊም እንዲሁ ይጽፋል፤ ውሳኔውም ብዙ ጊዜ በዚሁ አነጋገር ይሰጣል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት የማያስፈልግ ይመስላልና ለጊዜው ይመቻል። የሚያስከትለውን ጕዳት ግን በምሳሌ እናሳይ። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ በማንም ላይ የደረሰ ታሪክ አይደለም።

አንድ ሰው ሐዋሳ ውስጥ ሞተ እንበል። ከሚስቱ ጋር ያፈራው የጋራ ሀብት በ3,000,000 ብር የሚገመት ቤት ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሁሉም ለአካለ መጠን አልደረሱም። ኑዛዜ አልተወም፤ አባቱና እናቱም ቢኖሩ ልጆች ስላሉት አይወርሱትም። በሕጉ መሠረት ሚስቲቱ 1,500,000 ብር የሚያወጣውን ግማሽ የራስዋ አድርጋ ትይዛለች። የቀረው 1,500,000 ብር ለሦስቱ ልጆች እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ 500,000 ብር ይደርሰዋል። አባት ሲሞት በሕይወት ያለችው እናት ብቻዋን የልጆቹ አሳዳሪም ሞግዚትም ናት። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ግልጽ ነው።

ሴትየዋ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ሄደች። ጸሐፊው «እናቴ፣ የሚፈልጉት ሞግዚትነት ነው ወይስ አሳዳሪነት?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ እናታቸው ነኝ፤ ምን ሞግዚት ያስፈልገኛል?» ማለትዋ አይቀርም። መልሱ በሰፈር ቋንቋ ፈጽሞ ትክክል ነው፤ ሞግዚት የሚያስፈልገው እናት በሌለችበት ቤት ነውና። ጸሐፊውም ነገሩን ለማሳጠር «ሞግዚትና አሳዳሪ» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱም ይወጣል። ሴትየዋ የተረዳችው የልጆችዋ እናትነት በማኅተም መጽደቁን ነው። ያልተረዳችው ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ በ1,500,000 ብር ሀብት ላይ ለሦስት ባለ ሀብቶች እንደራሴ መሆንዋን፣ የሀብቱንም ዝርዝርና ሒሳብ መያዝ ያለባት መሆንዋን ነው። ቤቱን ከነልጆቹ ድርሻ ልትሸጠው ብታስብ «የባሌ ቤት ነው፤ ወራሹ እኔ ነኝ» ትላለች። በዚህ ጊዜ የእርስዋ ጥቅምና የልጆቹ ጥቅም ሁለት መሆናቸውን የሚነግራት ቃል በአካባቢዋ የለም። በደልም አላሰበች ይሆናል። ዐሥር ዓመት ቆይቶ የበኵር ልጅዋ አድጎ «የኔ ድርሻ ወዴት ገባ?» ሲል ግን እናትና ልጅ ይካሰሳሉ።

ይህ በእናት በኩል ያለው ጕዳት ነው። ሁለቱም ወላጆች በሞቱበት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጆቹ ከሴት አያታቸው ጋር ይኖራሉ፤ አጎት ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ወረቀት ያወጣል እንበል። ሕጉ አያቲቱን አሳዳሪ፣ ሌላውን ሰው ሞግዚት ማድረግን አይከለክልም፤ እንዲያውም ሁለቱን ኀላፊነቶች መለየቱ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ልጁ በሚወደው ሰው እቅፍ ይደግ፤ ሀብቱ ደግሞ ሒሳብ በሚያውቅ ሰው ይጠበቅ፤ አንዱ ሌላውን ይመልከተው ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት ከተጣበቁ በኋላ አጎቱ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ልጆቹን ከአያታቸው ቤት ሊወስድ ይችላል። ወይም በተገላቢጦሽ፣ ልጆቹን ያበላ ሰው ሁሉ የቤቱን ኪራይ መብላት መብቱ እንደ ሆነ ይቈጥራል። ሕጉ ለመከላከያ ብሎ በሁለቱ መካከል የሠራው አጥር በቃል ችግር ፈረሰ።

የውጭውን ሁኔታ ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ጆርጂያና ሚሺጋን የመሳሰሉት ስቴቶች ለኑዛዜ፣ ለውርስና ለጥበቃ ጉዳይ የተለየ ፍርድ ቤት ወይም ችሎት አላቸው። እዚያም የልጁ ሰውነትና የልጁ ሀብት ይለያያሉ። ነገር ግን በኦሃዮ ለሁለቱ ሁለት እንግዳ ስሞች አልፈለጉም፤ አንዱን የታወቀ ቃል ይዘው «የሰውነት ጠባቂ» እና «የንብረት ጠባቂ» እንደ ማለት ይጠሩታል። ስሙ ራሱ ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ያልተማረ ሰው እንኳ ሲሰማው ሁለት ሥራ መሆኑን ያውቃል። ልዩ ፍርድ ቤት ማቋቋም ገንዘብና ሰው ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ግን ምንም አይጠይቅም።

፬. «ወራሽ» እና «የቤተሰብ አባል»

የቃል ትርጕም የሰውን ዕጣ እንደሚወስን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ሐዋሳ ከተማ ብቻ አይደለችም፤ በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የገጠር ቀበሌዎችም አሉባት። በከተማው መካከል ያለ ሰው ሲሞት ቤቱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ለ«ወራሽ» ይተላለፋል። መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ የገበሬ ይዞታ የሚተላለፍበት መንገድ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 456፣ ይዞታው በውርስ የሚተላለፈው ለ«ቤተሰብ አባል» ነው ብሎ ነበር። የቤተሰብ አባል ማለትም የባለ ይዞታውን መተዳደሪያ እየተጋራ በቋሚነት አብሮ የሚኖር ማንኛውም ሰው እንደ ሆነ ተርጕሞት ነበር። ያ ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ዐዋጅ ተተክቷል፤ ነገር ግን ለሃያ ዓመት ያህል የሠራ ትርጕም ስለ ሆነ ሊታሰብበት ይገባል።

በዚህ ትርጕም መሠረት የገበሬው ልጅ አባቱ ከመሞቱ በፊት ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ፍለጋ ከቤት ወጥቶ ራሱን ችሎ ከነበረ፣ የሥጋ ልጅ ሆኖ ሳለ የቤተሰብ አባል ላይሆን ይችላል። ያለ ዝምድና በቤቱ ያደገ ሰው ግን የቤተሰብ አባል ይሆናል። የትርጕሙ ዓላማ መሬት ለሚያርሰው እንዲተርፍ ነው፤ ዓላማውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው በየቀኑ በአፋችን ያለውን ቃል ወስዶ ሌላ ነገር አድርጎ መመለሱን ነው። «ቤተሰብ» ሲባል ማን ሰው ነው ከቤት የወጣውን ልጁን የማይቈጥር? አንዲት ወላጆችዋ የሞቱባት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከገጠር ወጥታ ሐዋሳ እያኽስትዋ ዘንድ ብትማር፣ በአባትዋ ቤት ላይ ወራሽ ናት፤ በአባትዋ እርሻ ላይ ግን የቤተሰብ አባል ነበረች አልነበረችም የሚል ክርክር ሊነሣባት ይችላል። ይህን ክርክር ስለ እርስዋ የሚከራከረው ማን ነው? ሞግዚትዋ። አክስቲቱ የምታውቀው ሞግዚት ግን ልጅ የሚያዝል ሠራተኛ ብቻ ከሆነ፣ ልጅቱ ያለ ተከራካሪ ትቀራለች።

፭. ሽማግሌዎችና የልጅ ፈቃድ

በሐዋሳና በዙሪያዋ የቤተሰብ ጠብ ሁሉ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም። ሲዳማዎች ሶንጎ የሚሉት የሽማግሌዎች ጉባኤ አላቸው፤ ነገር በመመካከር ይመረመራል፤ የሚፈለገውም ሀላሌ፣ ማለት እውነት ነው። ሌሎቹም ወገኖች የየራሳቸው ሽማግሌዎች አሏቸው፤ ሙስሊሞችም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ በተሸፈኑት ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሽሮ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ፈቀደ። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ በፈቃድ ቁልፍ ተከፈተ።

ታዲያ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ከተከራካሪዎቹ አንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ልጁ ሕጋዊ ሥራ ለመሥራት ችሎታ የለውም። ስለ ሀብቱ የሚናገርለት ሞግዚቱ ነው። ሞግዚቱ አጎቱ ከሆነ፣ አጎቱም በዚያው ርስት ላይ የራሱ ጥያቄ ካለው፣ በሽማግሌ ፊት ስለ ልጁ ፈቅዶ ስለ ራሱ ይካፈላል። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ቢሆኑም «የልጁ አሳዳጊ ተስማምቷል» ይላሉ። አሳዳጊው ግን ስለ ሀብቱ ለመስማማት ሥልጣን ያለው ሞግዚት መሆኑን፣ ጥቅሙም ከልጁ ጥቅም ጋር አለመጋጨቱን የሚጠይቅ የለም። ያው የቃል ችግር እዚህም መጣ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጅ ጥቅም በቅድሚያ እንዲታሰብ፣ ሙት ልጆችም ልዩ ጥበቃ እንዲያገኙ ያዘዘው ትእዛዝ ትክክለኛ ሰው በትክክለኛ ስም ካልተጠራ ፍሬ ሊሰጥ አይችልም።

፮. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞና ሐሳባችን

ከመምህራኖቻችን መካከል «ሕግ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ሐኪም የበሽታን ስም በራሱ ቋንቋ እንደሚጠራ ሁሉ ዳኛም ቃሉን ዐውቆ ከሠራበት ይበቃል» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ስለ አንዳንድ የሕግ ክፍሎች እውነት ነው። የመርከብ ዋስትና ሕግ ቃላት ለዓሣ ሻጭዋ ባይገቡዋት ምንም አትጐዳም። የሞግዚትነት ሕግ ግን የሚፈጸመው በዳኛ እጅ አይደለም። ዳኛው ወረቀቱን በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ሥራው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በቤት ውስጥ ይሠራል። ፈጻሚው ተራ ሰው ነው። ፈጻሚው የማይገባው ትእዛዝ ደግሞ ትእዛዝ ሊባል አይችልም።

ሕዝቡ ለዚህ ጉዳይ የራሱ የሆነ ከሁሉ የሚበልጥ ቃል እንዳለውም መርሳት አይገባም። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ «እገሌን አሳዳሪ፣ እገሌን ሞግዚት አድርጌያለሁ» አይልም፤ «ልጆቼን አደራ» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይህችን ሰዓት ፈጽሞ አልዘነጋትም። የሞት ጊዜው መቃረቡን የተረዳ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ፈቅዷል፤ በዚህ የቃል ኑዛዜም ስለ ቀብሩ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ እንዲሁም ስለ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት መናገር ይችላል። ተናዛዡ ከበሽታው ድኖ ሦስት ወር ቢያልፍ ኑዛዜው ይፈርሳል። ነገር ግን ሟቹ «አደራ» ብሎ ብቻ ቢሞት ምን ማለቱ ነው? ሰውነታቸውን ነው ወይስ ሀብታቸውን? ሕጉ «አደራ»ን ያወቀው ዕቃ ለማስቀመጥ በሚደረግ ውል ላይ ነው፤ በልጆች ላይ ቦታ አልሰጠውም። በሕዝቡ ዘንድ ግን አደራ የሰውን ኅሊና የሚያስር ቃል ነው፤ አደራ በላ መባል ከሌባነት የከፋ ነውር ነው። ሕጉ ሒሳብ አስረክብ ብሎ በብዙ ቁጥሮች የሚያዝዘውን ነገር፣ ይህ አንድ ቃል በራሱ ኀይል ያዝዛል። እንዲህ ያለውን ቃል ትቶ ማለፍ ለአገሩ ሕግ ትልቅ ኪሳራ ነው እንላለን።

በዚህ ምክንያት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ እንኳ ፍርድ ቤቶች «ሞግዚትና አሳዳሪ» የሚለውን አንድ ሐረግ ከመጠቀም ይልቅ፣ በውሳኔያቸው ሁለት የተለያዩ አንቀጾች ቢጽፉ ይበጃል። በአንዱ «የልጁን ሰውነት የሚጠብቅ»፣ በሌላው «የልጁን ሀብት በአደራ የሚጠብቅና ሒሳብ የሚሰጥ» ብለው ሥራውን ይግለጹት፤ ከዚያ በኋላ የሕጉን ስም ቢጨምሩ አይከፋም። የሀብቱም ዝርዝር ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ።

ሁለተኛ፣ ሞግዚት የሚሆነው ሰው በዚያው ሀብት ላይ የራሱ ድርሻ ወይም ክርክር ያለው ሲሆን፣ እናትም ብትሆን፣ ክፍያው በሚደረግበት ጊዜ ስለ ልጁ ብቻ የሚናገር ሌላ ሰው ሳይቆም ድርድሩ ባይጸድቅ መልካም ነው። ይህ እናትን መጠርጠር አይደለም። ይልቁንም ከነገ ክስ እርስዋን ራስዋን የሚያድናት ጠበቃ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ሐዋሳን የሚመለከት ነው። ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። እንግዲህ የሕጉ ስሞች ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እንደ ተሻገሩ፣ አሁን ደግሞ ወደ ሲዳምኛ ይሻገራሉ። ተርጓሚው «ሞግዚት»ን ሰምቶ የሕፃን አዛይዋን ስም ቢጽፍ፣ ስሕተቱ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሸጋግሮ ለብዙ ትውልድ ይቀመጣል። ስለዚህ ተርጓሚው ከቃሉ ሳይሆን ከሥራው ይነሣ። በሶንጎ የሚቀመጡትን አዛውንት «ልጅ ሲሞትበት ሀብቱን ማን ይጠብቅለታል? ያን ሰው ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ከእነርሱ የሚገኘው ቃል ከመዝገበ ቃላት ከሚገኘው ይሻላል። ይህ ዕድል በ1952 ዓ.ም. አምልጦናል፤ ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ በር ላይ ቆሟል።

የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን በየዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ትውልድ ቦታቸው ሲመለሱ ይህንኑ ጥያቄ በየቋንቋቸው ቢጠይቁና መልሱን መዝግበው ቢያመጡ፣ ይህ መጽሔት ሊያወጣው ከሚችለው ሥራ ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ይሆናል ብለን እናምናለን። የቃላቱ ስብስብ በእጃችን ሲገባ ሕግ አውጪውን «ይህን ቃል ለውጥ» ብቻ ሳይሆን «ይህን ቃል አድርግ» ለማለት እንችላለን።